የመለኪያ ክፍሉ ግድግዳ

እህቴን ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ይላታል። የሴት ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ታናሿ ደግሞ እሷ የሰፋችውን እተኩሳለሁ፤ ስለዚህ ስለ እሷ ከእኔ በላይ አውቃለሁ የሚል ካለ ካውያው እጄ ላይ መሆኑን አይርሳ።

ግራ ጡቷን ካንሰር ይዞት ሐኪሞች ካነሱላት በኋላ፣ ቁስሉ በወጉ ሳይሽር ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀመጠች። መጀመሪያ የሰፋችው ለራሷ ቀሚስ ነበር። የሰውን ልክ በዓይኗ የምትገምት ሴት የራሷን በድሮው ልክ ቆረጠችው። ስትለብሰው በግራ በኩል ጨርቁ ባዶውን ተንጠለጠለ። እኔ ማየት አቅቶኝ ዞር አልኩ። እሷ ግን መስታወቱ ፊት ቆማ ሳቀች፤ የአንገት በላይ ሳቅ እንዳይመስላችሁ፣ ከሆዷ ነው። ከዚያ የልብስ ልክ ከምትነድፍበት የቅድ ወረቀቷ ላይ ቁራጭ ቀደደችና ስህተቷን እንዳለ ጽፋ መለኪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በስፒል ሰካችው።

መለኪያ ክፍላችን በመጋረጃ የተከለለች፣ አንድ መስታወትና አንድ በርጩማ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ቦታ ናት። ሴት እዚያ ገብታ ልብሷን ታወልቅና ከገላዋ ጋር ብቻዋን ትቀራለች። ጽሑፍሽን ለምን ጋዜጣ ላይ አታወጪውም ያሏትም ነበሩ። «ጋዜጣ የሚነበበው ለብሶ ነው» አለቻቸው።

ከዚያ ወዲያ ብዕሯን አላስቀመጠችም። የመድኃኒቱ ማቅለሽለሽ ብሶ ብሶ እንደሚያልፍ፣ ፀጉሯ ሲረግፍ ባሏ አይቶ እንዳላየ መሆኑንና እሷ በዚህ መናደዷን፣ የጎደለውን በገበር ጨርቅና በጥጥ እንዴት እንደምትሞላው ከነአቆራረጡ፣ ሁሉንም ጻፈች። ፉከራ የለበትም፤ ልቅሶም አይበዛበትም። ደንበኞች የሚያሰፉት ሳይኖራቸው «እስቲ ልለካ» እያሉ ይገቡ ጀመር። ቦታ አጣበቡብኝ ብዬ አጉረመርማለሁ እንጂ ውስጤ በኩራት ሊፈነዳ ነው። የእኛን ቤት ሴት ለማንበብ ሰው ሲሰለፍ ማን አይቶ ያውቃል?

ከነዚህ መካከል አንዲት አስተማሪ ነበረች። አንድ ቀን ያንን ግድግዳ አንብባ ደረቷን ስትዳስስ የሚያሰጋ እብጠት አገኘች። ሐኪም ቤት ሄዳ ካንሰር መሆኑ ታወቀ፤ ሕክምናም ጀመረች። ከዚያ በኋላ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር መልስ ላይ ወደ እኛ ጎራ ትላለች። እትዬ ከቻለችው እኔም እችለዋለሁ ማለት አበዛች።

በዚህ መሃል የእትዬ ወገብ አላስቀምጥ አላት። ከመቀመጥ ብዛት ነው አልን። ምርመራው ግን ካንሰሩ ተመልሶ አጥንቷ ውስጥ መግባቱን ተናገረ። ሐኪሙ ከእንግዲህ ጨርሶ እንደማይጠፋ፣ በመድኃኒት ግን ሊያዝ እንደሚችልና አብረውት ብዙ የሚኖሩ ሰዎች እንዳሉ አስረዳት። እትዬ ስታለቅስ ዋለች። በማግስቱ የቅድ ወረቀቷን አወጣች።

ሴት ልጇ ይህንንም ልትሰካው መሆኑን ስትሰማ ሱቁ ድረስ መጥታ ተቆጣች። እማዬ፣ ሌላውን ሁሉ ጻፊ፣ ይህን ግን ሆድ ይፍጀው አለቻት። ያቺ አስተማሪ ካነበበችው ሕክምናዋን እርግፍ አድርጋ ትተዋለች፤ የሰው ነፍስ ነው የያዝሽው ብላ ለመነቻት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ ተረቱ ግን እንዲህ ያለ ጊዜ ምን እንደሚደረግ አይናገርም። እውነቱን ለመናገር እኔም ለልጅቱ ነበር ያደላሁት። እትዬ ሰምታ ሰምታ፣

«ልጄ፣ ደስ የሚላትን ልክ ብጽፍላት ቀሚሱ ይሆናታል?» አለች።

ወረቀቱንም ሰካችው። «ተመልሷል። አሁን አጥንቴ ውስጥ ነው። አይጠፋም ብለውኛል። አልቅሻለሁ፤ ገና አለቅስ ይሆናል። ለወገቤ ትራስ አድርጌ እየሰፋሁ ነው» ይላል።

አስተማሪዋ መጣች። እንደ ልማዷ ሰላም ብላን መጋረጃውን ሳበች። እትዬ ጨርቁን መርፌው ሥር አስገብታ ፔዳሉን ሳትረግጥ ቀረች። እኔ አንድ ኮሌታ ላይ ካውያውን ረስቼ አቃጠልኩት። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። መጥታ እትዬ ፊት ቆመች።

«እትዬ፣ እስከ ዛሬ ልታጽናኚን ብለሽ የምትጽፊ ነበር የሚመስለኝ። ግማሹን አላምንሽም ነበር።»

እትዬ ከመኪናዋ ዞራ አየቻት።

«ይህን ካልደበቅሽን፣ ማቅለሽለሹ ይብሳል፣ ግን ያልፋል ያልሽውም እውነትሽን ነበር ማለት ነው?»

«እውነቴን ነው። ያልፋል።»

አስተማሪዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ነገ መድኃኒት አለኝ። በቃኝ፣ ልተወው ብዬ ልሰናበትሽ ነበር የመጣሁት» አለች። «ነገ ግን እሄዳለሁ።»