ቆራጩ

ሞጣ ገበያ ክንዱ በቀርከሃ የተጠፈረ ሕፃን አየሁ። ጣቶቹ አብጠው ጠቁረዋል። ሽታው የልጅነቴን ብቸና አመጣብኝ።

እህቴ እግሯ ሲሰበር ወጌሻው እንዲሁ ጠፍሮ አሰራት። እግሯ ሞቶ መሽተት ሲጀምር ሆስፒታል ወሰድናት። የአጥንት ሐኪሙ የብቸና ልጅ ነበር፤ እግሯን ቆርጦ ነፍሷን አተረፈ። አያቴ ግን፣ «ያስተማርንህ እንድትቆራርጠን ነው?» አሉት።

«አባባ፣ ማሰሪያው ቀደም ብሎ ቢፈታ ኖሮ አልቆርጥም ነበር» አላቸው።

ወጌሻው በየድግሱ ከፊት መቀመጡን ቀጠለ። ዶክተሩ ግን «ቆራጩ» ተብሎ ሰላምታ እንኳ ሲነፈግ አገር ለቆ ሄደ። ዛሬ ያው ሕዝብ፣ «መንግሥት የአጥንት ሐኪም ነፈገን» እያለ ያማርራል።

የሕፃኑን አባት፣ «ኧረ ፍታለት፣ እጁ እየሞተ ነው» አልኩት።

«ፈትቼ ለቆራጭ ልስጠው?» አለና ቋጠሮውን አጠበቀው።