የወረደው መስመር

በዚያን ዘመን ኢስት ኮልፋክስ የሚባለው ጎዳና ላይ ባለችው የሐበሻ ግሮሰሪ በር ላይ የሚለጠፈውን የአማርኛ ጽሑፍ ሁሉ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ኮምፒውተር ጠፍቶ አይደለም። የግሮሰሪዋ ባለቤት፣ እኔ እትዬ የምላቸው ሴት፣ ኮምፒውተር ከነፕሪንተሩ ገዝተው ከባንኮኒው ጀርባ አስቀምጠው ነበር። አማርኛ ሲጻፍበት ግን በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥን እየደረደረ ያወጣል። አንድ ቀን ስለ ጤፍ ብለው ያተሙት ማስታወቂያ ከላይ እስከ ታች ሳጥን ብቻ ሆኖ ሲወጣ አየሁ። ማርከር አንስቼ በወረቀቱ ጀርባ ጻፍኩላቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው የኔ ሆነ።

ቀን ቀን ኤርፖርት ዊልቸር እገፋ ነበር። ከአገር ቤት ለሚመጡ እናቶች ስማቸውን በአማርኛ በትልቁ ጽፌ መውጫው ላይ ከፍ አድርጌ እይዛለሁ። ከዚያ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ መሃል የራሳቸውን ስም ሲያዩ የሚሆኑትን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ግጥምም እጽፋለሁ። ያስተማረኝ የለም፣ አንብብልን ያለኝም የለም። አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል ግጥሞቼን የምጽፈው ባስ ውስጥ፣ በረራ ስጠብቅ፣ ቆሜ ነበር።

ለበር ጽሑፍ የራሴ ሕግ ነበረኝ። ለሠርግና ለመዝሙር ዝግጅት ቀይና ሰማያዊ፣ ለለቅሶ ጥቁር። ጥቁሩን ማርከር ለሌላ ነገር አላነሳውም። ስጽፍ ደግሞ ቃል አይታየኝም፤ የሚታየኝ ቅርጽ ነው። የመ ዓይኖች እኩል ይሁኑ፣ የጠ እግሮች አንድ መስመር ላይ ይቁሙ፣ እሱን ነው የማስበው። ምን እንደጻፍኩ የማውቀው ጨርሼ ራቅ ብዬ ሳየው ነው። በዚህ እኮራ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግሮሰሪው ስደርስ፣ የመረዳጃ ማኅበሩ ሽማግሌ ባንኮኒው ጋ ቆመው አገኘኋቸው። ሌላ ጊዜ የለቅሶ ጽሑፍ የሚያዙኝ እትዬ ናቸው። ያን ቀን እሳቸው ጓዳ ገብተው በርበሬ ሲያወርዱ ነበር።

«ልጄ፣ እጅህ ያምራል ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉኝና አንድ ብጣሽ ወረቀት ሰጡኝ። «ይቺን በትልቁ ጻፍልኝ። ዛሬ ግን አትለጠፍም። ልጁ ገና አልተረዳም፤ ነገ ሊነጋጋ ሲል ነው የምናረዳው።»

ወጉን አውቀዋለሁ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ በማለዳ በሩን ያንኳኳሉ። ሰምቶ ሲወድቅ የሚይዘው ሰው መኖር አለበት።

ነጭ ካርቶን ዘረጋሁ፣ በእርሳስ መስመር አሰመርኩ፣ ጥቁሩን ማርከር ከፈትኩ። የወንድማችን የእገሌ ወላጅ እናት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ። የልጁ ስም ከነአባቱ ስም ረዥም ነበር፤ ሁለት ቦታ ከፈልኩት። የእናቲቱ ስም ግን አጭርና ለዓይን የሚመች ሆኖ አገኘሁት፤ መሃል ላይ ብቻውን አቆምኩት። እጄ እንደዚያ ቀን ቀንቶት አያውቅም። በመጨረሻ የታችኛው መስመር ላይ ደረስኩ፤ ለቅሶው የሚቀመጥበት ቤት አድራሻ ነው። ፒዮሪያ ስትሪት ብዬ ጻፍኩ። የሕንጻውን ቁጥር ወረቀቱን ሳላይ ጻፍኩት። የአፓርትመንቱንም ቁጥር ሳላይ ጀመርኩት።

ለምን ሳላይ እንደምጽፈው ያኔ ገባኝ። በየወሩ የኪራይ ቼክ ላይ የምጽፈው አድራሻ ነው። የኛ ቤት ነው።

አብሮኝ የሚኖረው ታክሲ ነጂ ነበር፤ በዕድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ሁሉም ሰው፣ እኔም ጭምር፣ የምንጠራው በቤት ስሙ ነው። ያ ረዥም ስም መንጃ ፈቃዱ ላይ ያለው ስሙ መሆኑን ወደ ላይ ተመልሼ ሳነብ ነው ያወቅኩት። አባቱን አያውቅም። ያለችው እናቱ ብቻ ነበረች።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ይሄ እኮ የኔ ቤት ነው።»

«የማን ቤት?»

«የኔና የሱ። አብረን ነው የምንኖረው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አወለቁ። እትዬ ከጓዳ ብቅ ሲሉ ካርቶኑንም ፊቴንም አዩ፣ ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሩ።

«ምነው ጋሼ፣ በዚህ ከተማ ሰው ጠፍቶ ነው ለዚህ ልጅ የሰጡት?»

«እኔ ምን አውቄ! አሳምሮ ይጽፋል ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ይጽፋል አልኩ እንጂ ይጻፍ አልኩ?»

እኔ የምሰማቸው ከሩቅ ሆኖብኝ ነበር። ማርከሩ አሁንም ካርቶኑ ላይ ነው። አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አልኩ። «ቅዳሜ ማታ ይደውልላታል። እዚያ እሑድ ሲነጋ፣ ቤተክርስቲያን ሳትሄድ ነው የሚያገኛት።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ።

«እንዳይደውል» አሉ ሽማግሌው። «ስልኩን የሚያነሳው ለቀስተኛ ነው።»

«ሰምቶ ደግሞ ታክሲውን አስነስቶ ይወጣል» አሉ እትዬ። «ያ ልጅ ሃይዌይ ላይ እየነዳ የሰማው ጊዜ...» አልጨረሱትም። መጨረሻውን ሦስታችንም እናውቀዋለን።

የቀረውን ቁጥር ጨርሼ ካርቶኑን ለሽማግሌው ሰጠሁ፤ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት እጄን በሎሚና በሳሙና ፈተግኩ። ጥቁሩ ከጣቶቼ ለቀቀ፣ ከጥፍሬ ሥር ግን አልወጣም። አስራ አምስት ቁጥር ባስ ላይ እጆቼን ኪሴ ከትቼ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ግጥም አልመጣልኝም።

ቤት ስገባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ የስልክ ካርድ ይዟል። በሳንቲም ሊፍቀው ነው።

«ገጣሚው መጣህ?» አለኝ። «እናቴን ሰላም ልበልልህ?»

እሱ ከምንም በላይ የማይችለው አንድ ነገር ቢኖር የፊደል ጨዋታችን ላይ መሸነፍ ነው። ጨዋታውን ራሱ ነው የሠራው። ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ የፊደል ጠጠር ሰሌዳ ላይ እየደረደሩ ቃል የሚሠሩበት የእንግሊዝኛ ጨዋታ ገዝቶ፣ በየጠጠሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ጽፎ ለጠፈበት። ፊደላችን ብዙ ስለሆነ ግዕዙን ብቻ ጻፈ፤ ለን የያዘ ሰው ሉም ሊም ላም ብሎ ሊያነበው ይችላል። እንደሱ ባይሆን ኖሮ ለጠጠሩ ጆንያም አይበቃውም ነበር።

«መጀመሪያ አንድ ዙር» አልኩት። «ባለፈው ቅዳሜ ያሸነፍኩህን ልድገምልህ።»

«አውርቻት ልምጣና አዋርድሃለሁ።»

«ከፈራህ ፈራሁ በል።»

«እኔ አንተን?» ካርዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ። «እሺ፣ አንድ ዙር ብቻ። ከዚያ እደውላለሁ። እንዳትንቀራፈፍብኝ፣ ቶሎ ቶሎ ነው።»

እኔ ያሰብኩት ቀላል ነበር። ጨዋታውን አንዛዛዋለሁ፣ ከዚያ ሌላ ዙር እለምነዋለሁ፣ እዚያ ይረፍድና ቤተክርስቲያን ሄዳለች ብሎ ይተወዋል። በየተራዬ ጣሪያ አያለሁ። እሱ ይስቅብኛል። «ገጣሚ ነኝ ትላለህ፣ ለአንድ ቃል ግማሽ ሰዓት! መጽሐፍህ መቼ ሊወጣ ነው በዚህ አያያዝ?» ይለኛል። እኔም እንደ ወትሮው ልመልስለት እሞክራለሁ፤ ድምፄ ግን የሌላ ሰው ድምፅ ይመስለኛል።

መሃል ላይ ከከረጢቱ ሳወጣ አ መጣልኝ። ነ ነበረኝ። ተ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ ልክ ቦታው ክፍት ሆኖ ተቀምጧል። ፊደሎቹን አየኋቸውና፣ አን እ፣ ነን ና፣ ተን ት ብዬ ሳነብ፣ በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅርጻቸውን ሳይሆን ቃሉን አየሁ። ላስቀምጠው አልቻልኩም። ጥግ ላይ ሣር የሚል ቃል ሠራሁ። በሚቀጥለው ተራዬ ደግሞ ሌላ የማይረባ ነገር። ሦስቱን ጠጠሮች ግን መደርደሪያዬ ላይ እንደያዝኩ ቀረሁ። ጨዋታውን አዘገያለሁ ያልኩት ሰውዬ፣ ሳላውቀው ሰሌዳውን ክፍት ትቼለት እሱ ቶሎ ጨረሰ።

የኛ ሕግ እንዲህ ነው፤ የተሸነፈ ሰው መደርደሪያውን አዙሮ ያሳያል፣ አሸናፊውም እንደ ልቡ ይሳለቅበታል። ላዞረው አልፈለግኩም። እሱ እጁን ዘርግቶ አዞረው።

«እንዴ! እነዚህን ይዘህ ነው ሣር ሣር የምትለው? እዚህ ጋ እኮ ብታስገባት...»

ጣቱ ሰሌዳው ላይ ቆመ። ቃሉን አልጠራውም። መደርደሪያውን አየ፣ ቀስ ብሎ ዓይኑን ወደ እጄ አመጣ። ጥፍሮቼን ልደብቅ ስል ዘገየሁ። ጥቁሩን ማርከር መቼ እንደማነሳው ከሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሁልጊዜ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር።

ያን ማታ አልጠየቀኝም። የስልክ ካርዱን አነሳና ሳይፍቀው ኪሱ ከተተው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚመጡት?» አለ።

«እነማን?»

«አታድክመኝ።»

«ሊነጋጋ ሲል» አልኩ።

ራሱን ነቀነቀ። ይጮሃል፣ በሩን በርግዶ ይወጣል፣ ይመታኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ከኪሱ የታክሲውን ቁልፍ አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው።

«ይሄን አንተ ያዘው። እንዳትሰጠኝ፣ ብለምንህም።»

ወሰድኩት።

«አንተ ምንም አልነገርከኝም» አለ።

«አልነገርኩህም።»

«እኔም አልሰማሁም። ሰዎቹ ተጨንቀው ነው የሚመጡት። እንደ ወጉ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ያደረገውን ዛሬም ሳስበው እደነግጣለሁ። ተነስቶ ቤቱን መጥረግ ጀመረ። ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፋ፣ የተከመሩትን ብርጭቆዎች አጠበ፣ የኔን ጫማ ከመተላለፊያው አነሳ። «ሰው ይመጣል» አለ፣ እኔን ሳያይ። የጨዋታውን ሰሌዳ ሳይነካው በጥንቃቄ አንስቶ ፍሪጁ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅኩ፤ ምንም አልሰማሁም።

በማለዳው በሩ ሲንኳኳ ልብሱን ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ነበር። ራሱ ከፈተላቸው። ሽማግሌው ከፊት፣ እትዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ፣ ሌሎችም ተከታትለው ገቡ። እትዬ ደውሎ ይሆን ብለው በዓይናቸው ጠየቁኝ። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ አንገቴን ደፋሁ። እኔን ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነበር። እንዴት አድርጎ ነው አሁን የሰማ የሚመስለው? ማስመሰሉ ቢታወቅበትስ?

«ልጄ፣ ቁጭ በል» አሉት ሽማግሌው። ተቀመጠ። «ሰው ሆኖ የማይደርስበት የለም። እናትህ አርፋለች።»

የወጣው ድምፅ ማስመሰል አልነበረም። እንደዚያ ያለ ድምፅ ከሰው ሰምቼ አላውቅም። ከወንበሩ ተወርውሮ ወደቀ፣ ሦስት ሰው ሆነን ያዝነው፣ አልቻልነውም። ሌሊቱን ሙሉ ያወቀውን ነገር ያን ጊዜ ነው የሰማው። «ቁልፌን ስጡኝ፣ ልሂድላት» እያለ ኪሴን ያዘኝ። ሸሚዜ ተቀደደ። አልሰጠሁትም። ከፊደል ያነበበው እንዲህ አላደረገውም፣ የሽማግሌው ድምፅ ግን ጣለው፤ እኔ ለፊደል የምኖር ሰው ይሄን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ።

ከሰልስቱ በኋላ ከቤት ልውጣ አለኝ፤ ታክሲውን እኔ ነዳሁለት። ግሮሰሪው ደጃፍ ስንደርስ ጽሑፌ በሩ ላይ እንደተለጠፈ ነው። ወደ ቤት ልመልሰው ፈለግኩ፣ እሱ ግን ቀድሞኝ ወርዶ ፊት ለፊቱ ቆመ። የእናቱን ስም ረዥም ጊዜ አየው።

«ያምራል» አለ። ቀጥሎም፣ «እጅህ ግን እንዴት ቀጥ አለልህ? የሷን ስም እየጻፍክ?»

እውነቱን ነገርኩት።

«አላነበብኩትም ነበር» አልኩት። «ስጽፍ አላነብም።»

ዞሮ አየኝ። ይቆጣል ብዬ ነበር። ተመልሶ ወደ ካርቶኑ ጎንበስ አለና፣ ታች ያለውን የአድራሻ መስመር በጣቱ ተከተለው። እስከ ሕንጻው ቁጥር ድረስ ቀጥ ብሎ ሄዶ፣ አፓርትመንቱ ቁጥር ላይ ሲደርስ ወደ ታች ይወርዳል። ማርከሩ የቆመበት ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ።

«ይሄኛው ወርዷል» አለ።

«እዚያ ላይ ነው ያነበብኩት።»

ጣቱን ነጠብጣቡ ላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆመ። ከዚያ በሩን ገፍቶ ገባ፣ እኔም ተከተልኩት።