ለልጄ ሙሾ ሲጠፋ

ይህ የሆነው አገሩ ሁሉ ለሚሌኒየሙ ሽር ጉድ በሚልበት ክረምት፣ እዚሁ ደብረ ማርቆስ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የልጄን ሠልስት ግን አልረሳውም። ከሐዘኑ ይልቅ የማይለቀኝ ንዴቱ ነው። ሰው በልጁ ለቅሶ ላይ ይናደዳል? እኔ ተናድጃለሁ።

ልጄ አንተነህ ይባላል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። አይናገርም። ስሙን ስጠራው ዞር አይልም፤ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ግን እጆቹን እያርገበገበ ይስቃል። ኦቲዝም የሚባለውን ቃል የሰማሁት ከቀበርኩት በኋላ ነው። ያኔ ሰፈሩ ያወጣለት ስም ሌላ ነበር፤ እሱን እዚህ አልጽፈውም። ፀበልም ወስጄዋለሁ፣ ሐኪም ቤትም ወስጄዋለሁ። አባቱ "በእኔ ዘር እንዲህ ያለ የለም" ብሎ ገና በሕፃንነቱ ጥሎን ሄደ። ይቅናው!

እኔ ልብስ አጣቢ ሆኜ ሥራ ስውል ቤት ልጁን የሚጠብቁልኝ አክስቴ ነበሩ። ዐይናቸው ደክሟል፣ ጉልበታቸውም እንደዚያው። ማታ ገብቼ "እንዴት ዋለ?" ስላቸው "ምን ይሆናል፣ ደኅና ነው የዋለ" ይሉኛል። ሌላ ነገር አይነግሩኝም።

ሰርግ ብጠራ እሱን ይዤ መሄድ አልችልም፤ ትቼው መሄድም አልችልም። ጎረቤት የራሱን ልጅ ከአንተነህ አጠገብ ይጎትታል፣ ይጋባበት ይመስል። እኔም ምላሴ አያርፍምና ከስንቱ ጋር ተጣላሁ። በኋላ መጥራቱም ቀረ፣ መጣላቱም ቀረ። ልጄ በዚህች ምድር ላይ ከእኔና ከአክስቴ በቀር ሰው የለውም ብዬ ነበር የምኖረው።

የሚጥል በሽታም ነበረበት። አንድ ቀን ጠዋት ልቀሰቅሰው ብሄድ ቀዝቅዟል። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ድንኳን ተተከለ፣ እድሩም መጣ። በሕይወት ሳለ ደጃችንን ያልረገጠ ሰው ሁሉ መጥቶ ተቀመጠ። ታዲያ እየገባ የሚለኝ አንድ ዓይነት ነገር ነው። "አይዞሽ፣ እሱም አረፈ፣ አንቺም ተገላገልሽ።" ወይ ጉድ! ከምኑ ነው የተገላገልኩት? ሌላ እናት ልጇ ሲሞትባት "ተገላገልሽ" ትባላለች? እያንዳንዷ ስትለኝ ፊቷን ትክ ብዬ አየሁ።

በሠልስቱ ዕለት እትዬ የሺ የሚባሉ አልቃሽ መጡ። በእኛ አገር አልቃሽ ሙሾ ከማውረዷ በፊት ዘመዱን ጠጋ ብላ ትጠይቃለች፤ ሟቹ ምን ዓይነት ሰው ነበር፣ ለማን ምን ነበር ብላ። እሳቸውም ጎረቤቶቼን ሲጠይቁ አየሁ። ጎረቤቶቼ እርስ በርስ ተያዩና አንዷ ወደ እኔ በአገጯ አመለከተች። እትዬ የሺ ተነሡና ጀመሩ።

"ሌት ተቀን ሳትተኛ ስትጠብቀው ኖራ፣
ጌታ ገላገላት ከረጅም መከራ።"

ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ዕንባቸውን ለእኔ ነበር የሚያፈሱት። ብድግ አልኩ።

"እትዬ የሺ፣ ይተዉት! ይበቃል! የሞተው ልጄ ነው እንጂ መከራዬ አይደለም!"

እሳቸው አልተቆጡም፤ አሮጊት ናቸው፣ ብዙ አይተዋል። ቀስ ብለው "እሺ ልጄ፣ ስለ እሱ ልበል። ለባልንጀራው ምን ነበር? ንገሪኝና እላለሁ" አሉኝ።

ዝናብ ሲወርድ እንደሚስቅ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ወጥ እንደሚወድ፣ ጸጉሩ ሲላጭ እንደሚጮኽ አውቃለሁ። ባልንጀራ ሲሉኝ ግን ምን ልበል? ዙሪያውን አየሁ። ያ ሁሉ ሰው አጎንብሷል። ለአንዲት ቃል፣ አንድ ሰው "እኔ አውቀዋለሁ" እንዲልልኝ ያን ጊዜ ነፍሴን እሰጥ ነበር።

ከድንኳኑ ጫፍ አንዲት ሴት ተነሣች። ክርና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥ ባለሱቅ ናት፤ ዘይነባ ትባላለች። ከሱቋ ክር ከመግዛት ውጪ አላውቃትም። አጠገቧ ሻሽ ያሰረች፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ ቆማለች። ዘይነባ ልጅ እንዳላት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

"እኔ እናገራለሁ" አለች። "ይቺ ሰሚራ ልጄ ናት። እንደ አንተነህ ናት፣ አትናገርም። ሰው እንዳያይብኝ ከሱቁ ጓዳ ነው ያሳደግኳት። እሱ አንድ ቀን ዝናብ ሸሽቶ ገባና አጠገቧ ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ይመጣ ነበር። ቁልፍ በጣሳ እሰጣቸዋለሁ፣ እየዘረገፉ ይውላሉ። አይተያዩም፣ አይነካኩም። ግን እሱ ካልመጣ እሷ ምሳ አትቀምስም። ይኸው እሱ ከቀረ ወዲህ በግድ ነው የማጎርሳት።"

ወደ አክስቴ ዞርኩ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው እያለቀሱ ነው። ልጁ ሲያመልጣቸው እንዳልቆጣቸው ፈርተው ደብቀውኝ ኖሯል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት ዘይነባን።

"ብነግርሽ ሰው ቤት ገብቶ አስቸገረ ብለሽ ትዘጊበታለሽ ብዬ ፈራሁ። ልጄ ደግሞ ሌላ ሰው የላትም።"

እትዬ የሺ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉ። ምን እንዳሉ አሁን ግጥሙ ጠፍቶብኛል፤ ብቻ ጓደኛህ ምሳዋን ይዛ ትጠብቅሃለች፣ ምነው ዘገየህ የሚል ነበር። ያን ጊዜ ነው ለልጄ የተለቀሰው። እኔም ከሞተ ጀምሮ ያላወጣሁትን ድምፅ አወጣሁ።

ሰሚራ በዚያ ጩኸት መሀል ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ተከትለናት ብንገባ ከመጋረጃው ኋላ፣ ከአልጋው ሥር፣ ከጓዳው ታያለች። ደጋግማ ታያለች። ዘይነባ እጇን ብትይዛት አስለቀቀቻትና እንደገና አልጋው ሥር አጎንብሳ አየች። ልጄን የፈለገ ሰው እሷ ብቻ ናት። መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁ። ለቅሶ ላይ የነበሩ ሴቶች እየተደበቁ ወደ ዘይነባ ሱቅ መምጣት ጀመሩ። አንዷ "እኔም ቤት አለ" ትላለች። ሌላዋ ከደብረ ኤልያስ ድረስ ልጇን በጋቢ ሸፍና መጣች። ጓዳው ጠበበና የእኔን ቤት ከፈትኩ። ሠፈርተኛው አጉረመረመ፤ እንኳን አጉረመረመ! ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ቁልፍ የሚዘረግፍም አለ፣ የሚጮኽም አለ፣ ጥግ ይዞ ዝም የሚልም አለ። እናቶቹ ግን ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ አንዷ ስትታመም ሌላዋ ልጇን ትይዝላታለች።

ሰው ሁሉ ተጽናናሽ ይለኛል። አልተጽናናሁም። የዘይነባ ሱቅ ከቤቴ ብዙም አይርቅም እኮ! ሁለታችንም በፍርሃት በራችንን ዘግተን፣ ያ ሁሉ ዘመን እንዲሁ አለፈ። ቤቴ በልጆች የሞላው የእኔ ልጅ ከወጣ በኋላ ነው። ይህ ያንገበግበኛል፤ እስክሞትም ያንገበግበኛል።

በቀደም አንዲት ወጣት እናት ለመጀመሪያ ጊዜ መጣች። ልጇን አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ካየች በኋላ "እትዬ፣ የእርስዎ የትኛው ነው?" አለችኝ።

"የእኔ ሞቷል" አልኳት። "ያቺ ትልቋ ጓደኛው ናት። ግቢ፣ ልጅሽን አጠገቧ አስቀምጪው።"