በቆርቆሮው ላይ የተነጠፈው ሰንበሌጥ

ትናንት ባለቤቴ ቬንቲሌተር ገዝቶ መጣ። ደብረ ማርቆስ ላይ ቬንቲሌተር! ካርቶኑን ሳሎን መሀል አስቀምጦ እንደ ሙሽራ ዞሮ ዞሮ አየው። ሲሰካው የአዲስ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው፤ እኔም ሳላስበው ተነሥቼ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት። "ምነው?" አለኝ። ለእሱ "እንዲሁ ነው" አልኩት። ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ያኔ አሥረኛ ክፍል ነበርኩ። ቤታችን ከደምበጫ ወጣ ብሎ ነው። አባቴ አዲስ የቆርቆሮ ቤት ሠርቶ የገባበት ዓመት ነበር፤ ሰውየው ከዚያ ቀን ጀምሮ አንገቱን ቀጥ አድርጎ እንጂ አይሄድም። የሣር ቤት ያለው ጎረቤት ሰላም ሲለው መልሱ ያጥር ጀመር። ይህም አልበቃውም፤ እዚያው ግቢ ውስጥ በራሳቸው ሣር ቤት ይኖሩ የነበሩትን አያቴን፣ የገዛ አባቱን፣ "ሰው ምን ይለኛል?" ብሎ ወደ ቆርቆሮው ቤት አስገባቸውና ሣር ቤቱን አፈረሰው። አያቴ በዚያ በጋ ቤታቸውን እንደገና ሊያስከድኑ አስበው ሰንበሌጥ አሳጭደው ነበር። እስሩ ሁሉ ጓሮ ተከምሮ ቀረ።

መጋቢት ሲገባ ቤቱ ምድጃ ሆነ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ይንጣጣል፤ የጋለ ብረት ሽታ ከላይ ይወርዳል። እኛ ወጥተን ባሕር ዛፉ ጥላ ሥር እንቀመጣለን። አያቴ ግን እግራቸው ስለማይታዘዝላቸው አልጋቸው ላይ ናቸው። ሁዳዴ ነውና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ በአፋቸው አይዞርም። የንስሐ አባታቸው "ደክመዋል፣ ይጠጡ" ብለዋቸው እንኳ እንቢ አሉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቆ፣ ነጠላቸው በላብ ከደረታቸው ተጣብቆ፣ በየቀኑ እያነሱ ሄዱ።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለምክር ተቀመጥን። ምክር አልኩሽ? የጉራ ጉባኤ ነበር። የእናቴ ወንድም፣ በሕይወቱ አንድም ቬንቲሌተር ኖሮት የማያውቀው ነጋዴ፣ "ቬንቲሌተር ነው እንጂ ሌላ ምን አለ!" አለ። እናቴ ኮርኒስ በማዳበሪያ ጆንያ እንስፋለት አለች። አያቴ ከአልጋቸው ሆነው ቀስ ብለው ተናገሩ።

"ልጀ፣ ያ ሰንበሌጥ ጓሮ አለ አይደል? ከቆርቆሮው ላይ አንጥፉና በገመድ እሰሩት። ይበርድላችኋል።"

ይበርድላችኋል ነው ያሉት፤ ይበርድልኛል አላሉም።

አባቴ ሳቀ። "ምነው አባየ! ቆርቆሮ ገዝቸ ሣር ላልብሰው? ያገር መሳቂያ ልሁን?" ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "እስኪ አንች የተማርሽው በይ። ትምህርቱ ምን ይላል?"

ትምህርቱ ምን እንደሚልማ አውቅ ነበር። የፊዚክስ መምህራችን ደረቅ ሣር በመሀሉ አየር ስለሚይዝ ሙቀት እንደማያሳልፍ ሰሌዳ ላይ ሥሎ አስረድቶናል። ፈተና ላይም መጥቶ በትክክል መልሻለሁ። ግን ለፋሲካ የክፍሌ ልጆች፣ የከተማዎቹ፣ እኛ ቤት ሊመጡ ነበር። ሣር የለበሰውን ጣሪያ እያዩ እርስ በርስ ሲጠቃቀሱ ታየኝ።

"ቬንቲሌተር ይሻላል" አልኩ።

"አያችሁ!" አለ አባቴ። አያቴ "እንግዲህ እሷ ካለች" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አባቴን እንቃለሁ፣ አጎቴንም እንቃለሁ፤ እንደዚያች አሥረኛ ክፍል ተማሪ ግን የምንቀው ሰው የለም።

ቬንቲሌተሩ መጣ። መንደሩ ሊያይ ጎረፈ፤ አባቴም ለመጣው ሁሉ ሲያበራና ሲያጠፋ ዋለ። እናቴ ግን ንፋስ ይመታቸዋል ብላ ፈራች። ጎረቤቶቹም "ላብ ላይ ንፋስ? ኧረ ደግ አይደለም!" አሉ። ስለዚህ መስኮቱ ተዘጋ፣ የቬንቲሌተሩም ፊት ወደ ግድግዳ ዞረ። አዎ፣ ወደ ግድግዳ! ያ ሁሉ ጠቢብ ተሰብስቦ የጭቃ ግድግዳ ሲያቀዘቅዝ ከረመ። መብራቱ ደግሞ ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትወጣ ጠብቆ ይጠፋል።

"ደኅና ነው አይደል አባየ?" ይላል አባቴ።

"እግዜር ይስጥህ፣ ደኅና ነው" ይላሉ፣ ላባቸው በጆሯቸው ሥር እየወረደ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ዐረፉ። ለቀስተኛው ሁሉ ዕድሜ ነው አለ። ሊሆን ይችላል፤ ሰማንያን ያለፉ ሰው ነበሩ። የክፍሌ ልጆችም ሐዘን ቤት ነው ብለው ሳይመጡ ቀሩ።

አርባቸው ሳይደርስ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴን ጣሪያው ላይ አገኘሁት። በጠራራ ፀሐይ፣ አገር እያየው፣ ሰንበሌጡን ያነጥፋል። አንድ መንገደኛ ቆሞ "ምን ነካህ ሰውየ?" ሲለው ቀና ብሎም አላየውም። ደብተሬን መሬት ጥዬ እስር እስሩን አቀበልኩት። ገመዱን አጥብቀን ስንጨርስ አብረን ገባን። ቤቱ ደረቅ ሣር ደረቅ ሣር ይሸታል፤ ቆርቆሮው ዝም ብሏል። አባቴ ባዶው አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና መዳፉን በፍራሹ ላይ አሳረፈ።

"በረደ" አለ።

"አዎ።"

"ይኸን ነገር ትምህርት ቤት ነግረዋችሁ አያውቁም?"

ያ አንገቱ ቀጥ ያለ ሰው ጎብጦ ነበር። ሣር ከፀጉሩ ላይ ተሰክቷል።

"አልነገሩንም" አልኩት።

"እነሱስ ከየት ያውቁታል" አለና ራሴን ዳበሰኝ። "አንች ምን ታደርጊ፣ ልጀ።"