አርባ ሰዓት በብርድ ልብስ ስር

አባዬን ፋብሪካው ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም። «ጆሮ» ነበር የሚሉት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት የሽመና ማሽን መካኒክ ሆኖ ሠርቷል። አንዱ ማሽን ሲያመው የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ያስደግፍና እጀታውን ጆሮው ስር አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ «ሁለተኛው ኩሽኔታ ደርቋል» ይላል። ሲፈቱት እውነትም ሁለተኛው ኩሽኔታ ነው። ሁለት መቶ ማሽን በአንድ ላይ በሚንጓጓበት አዳራሽ ውስጥ የአንዱን ሕመም ነጥሎ መስማቱን ሰዎች እንደ ተአምር ያወሩለት ነበር። ጆሮህን በጥጥ ድፈን ሲሉት ግን «ዓይኑን አስሮ የሚያነብ ሰው አይታችኋል?» ብሎ ይመልሳቸዋል።

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር ሲቀረው ፋብሪካው ለምርመራ ክሊኒክ ላከው። አብሬው የሄድኩት እኔ ነኝ። ነርሷ ማዳመጫ ጭንቅላቱ ላይ አደረገችለትና «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አለችው። አባዬ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። መጀመሪያ ላይ ሦስት አራት ጊዜ አነሳ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ አሳርፎ መጠበቅ ጀመረ። የነርሷ ጣት ቁልፎቹን ሲጫን እኔ አያለሁ፤ እሱ ጀርባውን ስለሰጣት አያይም። ብዙ ከቆየ በኋላ ዞር ብሎ፣

«የቀረውን መቼ ነው የምትጀምሪው፣ ልጄ?» አላት።

«ጨርሻለሁ፣ አባቴ።»

የሰጠችውን ወረቀት አራት ቦታ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። መንገድ ላይ «ለእናትሽ ምን ይሠራላታል» አለኝ። አትንገሪ ማለቱ ነው። ትንሽ ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ያሰማችኝ እኮ ፊሽካ ነው። ፊሽካ መስማትና ዘፈን መስማት አንድ ነው?» አለ። እጁን ይዤ አስፋልቱን አሻገርኩት።

ጡረታ እንደወጣ ሁለት ስፒከሮች የገዛው ለዚህ ነው። ለእማዬ «እስቲ አሁን እንኳን ተቀምጬ ሙዚቃ ልስማ» አላት እንጂ፣ ያንን ወረቀት ሊሞግትበት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ጆሮ ሲባል የኖረ ሰው፣ ጆሮው ከከዳው ምን ተብሎ ይጠራል?

ሁለቱም እስከ ጉልበት የሚደርሱ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። ሻጩ «አዲስ ስፒከር ግትር ነው፤ አርባ ሰዓት ያህል ካልዘፈነ አይፍታታም» ሲለው የአባዬ ፊት በራ።

«ሮዳጅ» አለ።

ይህንን ያውቀዋል። አዲስ ማሽን ሲመጣም ክር ሳይጫንበት፣ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ ፈጠን እያለ፣ ለቀናት ባዶውን ይሽከረከራል። ሻጩ ጎረቤት እንዳይረበሽም አንድ ዘዴ ነገረው። ሁለቱን ሳጥኖች ፊት ለፊት ማፋጠጥ፣ የአንዱን ቀይና ጥቁር ሽቦ አቀያይሮ ማሰር፣ ከላይ ብርድ ልብስ መጣል። ሽቦው ሲገለበጥ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ድምፃቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል።

አባዬ ከሥራው ይዞት የመጣ አንድ ሕግ አለው። ለጊዜው ተብሎ ያለቦታው የታሰረ ነገር ካለ ቀይ ጨርቅ ይንጠለጠልበታል፤ ነገሩ ወደ ቦታው ሳይመለስ ጨርቁ አይነሳም። «ጭንቅላት ይረሳል፣ ጨርቅ አይረሳም» ይላል። የግራውን ስፒከር ሽቦ ገለበጠና ጨርቁን አወጣ። ሽቦው ላይ ቢያስረው ግን ብርድ ልብሱ ሊሸፍነው ነው። ሁሌ ዓይኑ እንዲያርፍበት ብሎ ብርድ ልብሱ ጫፍ ላይ በመርፌ ቁልፍ ሰካው።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ወረቀት ለጠፈ። ቀን፣ ሰዓት፣ የድምፅ መጠን። በቀን ስምንት ሰዓት፣ ለአምስት ቀን። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይከፍታል፣ አስር ሰዓት ላይ ይዘጋል፣ ምሳውንም እዚያው ወንበሩ ላይ ይበላል።

«ሰው ጡረታ ሲወጣ ያርፋል» አለች እማዬ። «የኔው ሰው ለሳጥን ፈረቃ ገባ።»

«አምስት ቀን ነው።»

«ብርድ ልብሴስ? እኔን እየበረደኝ ሳጥን ይሙቀው?»

«ሳጥኑ እየሠራ ነው።»

«እኔስ ተቀምጬ ነው?»

አባዬ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሃያ ዘጠኝ ዓመት ድካም ተጠራርቶ በአንድ ቀን የገባበት ይመስል ነበር። ጫማውን ሊያስር ያጎነብስና ለምን እንዳጎነበሰ የረሳ ያህል እዚያው ይቆያል። ከብርድ ልብሱ ስር የታፈነ ጉምጉምታ ይወጣል፤ ማዶ ክፍል ተቀምጠው እንደሚያወሩ ሰዎች። አባዬ መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ ጭኖ ያንቀላፋል። በመዳፉ ነበር የሚያዳምጠው።

አምስተኛው ቀን ቅዳሜ ነበር። የድሮ ፎርማኑ ሊሰማ መጣ። እሱም ከዚያው አዳራሽ የወጣ ስለሆነ ሲያወራ ይጮኻል።

«ጆሮ፣ ይሄ ነገር እስኪፈታ እኛ ታሰርን እኮ።»

«አንተ መጀመሪያ ቀስ ብለህ አውራ። ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል።»

«ምን አልክ?»

«ተቀመጥ ነው ያልኩህ።»

አስር ሰዓት ሲሞላ አባዬ የመጨረሻውን መስመር ሊጽፍ ወደ ግድግዳው ዞረ። እማዬ ቀኑን ስትቆጥር የከረመች ናትና እርሳሱን እስኪያነሳ አልጠበቀችም። ብርድ ልብሷን ገፈፈችና «አቧራ ጠጥቷል» ብላ በቀጥታ ወደ ጓሮ፣ ወደ ማጠቢያው ይዛው ሄደች። አባዬም ሳጥኖቹን ወደ ወንበሩ አዙሮ ሜትሩን አወጣ። በሁለቱ ሳጥኖች መሃል ሁለት ሜትር፣ ከእያንዳንዳቸው እስከ ወንበሩ ሁለት ሜትር፣ ከግድግዳው ሁለት ስንዝር። ሲጨርስ ላብ አጥምቆት ነበር። ወጣት ሳለ ከሬዲዮ ስር ታስቀረው የነበረችውን ዘፋኝ መርጦ ከፈተ።

ድምፁ ክፍሉ ውስጥ አለ፣ ግን የትም የለም። ዘፋኟ ከግድግዳው፣ ከመስኮቱ፣ ከጣሪያው ተበታትና ነው የምትመጣው። ወፍራሙ ድምፅ ሆዱ ባዶ ነው። አባዬ አንገቱን አዘነበለ። ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፣ ወደ ኋላ ገፋ። ለእኔም ጎዶሎ ሆኖ ተሰማኝ፤ ግን የእንዲህ ዓይነት ዕቃ ድምፅ እንዴት እንደሚሆን ስለማላውቅ ዝም አልኩ። ድሮም ድምፄ አይወጣም። አባዬ «ለራስሽ ነው ወይስ ለእኔ የምትነግሪው?» ይለኛል።

«ግሩም ነው» አለ ፎርማኑ፣ ከዘፈኑ ጋር በማይገናኝ ምት ጉልበቱን እየመታ።

አባዬ ዘጋው።

«ምነው? ገና ካልተፍታታ ሌላ አርባ ሰዓት ስጠው።»

«እሱ ተፍታቷል። ያለቀው እሱ አይደለም።»

ፎርማኑ ትንሽ አየውና ኮፍያውን አነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ «አይዞህ፣ ጆሮ» አለው። ይህ ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም ነበር።

እማዬ እጇን እያደራረቀች ስትገባ አባዬ ካርቶኖቹን ከበሩ ጀርባ እየጎተተ ነበር። «የእህቴ ልጆች ይውሰዱት፤ እነሱ ጆሮ አላቸው» አለ። ከዚያ የክሊኒኩን ወረቀት ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ፊቷ አኖረው።

«ምን ይላል?»

«አይሰማም ይላል።»

«ይሄን ለማወቅ ወረቀት አስፈለገህ?» ወረቀቱን አልገለጠችውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ለሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር። በር ሳንኳኳ መክፈት ካቆምክ ስድስት ዓመትህ። የራሴን ቁልፍ ያስቀረጽኩት ለምን መሰለህ?»

አባዬ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ለረጅም ጊዜ የተሸከመውን ያወረደ ሰው አቀማመጥ ነበር፤ ግን ደስ የሚል አልነበረም። «ሽቦውን ፍቺልኝ፣ ወገቤ እምቢ ብሏል» አለኝ።

ከስፒከሮቹ ጀርባ ተንበረከክኩ። በቀኙ፣ ቀይ ሽቦ ቀዩ ላይ፣ ጥቁር ጥቁሩ ላይ ታስሯል። በግራው፣ ቀዩ ጥቁሩ ላይ ነው። ቀና ስል በመስኮቱ በኩል የልብስ ማስጫው ገመድ ታየኝ። ብርድ ልብሱ ተሰጥቷል። ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ውኃ ያንጠባጥባል።

«አባዬ» አልኩ። አልሰማኝም። ጉሮሮዬን ጠረግኩና በማላውቀው ድምፅ፣ «አባዬ፣ ጨርቁ» አልኩ።

መስኮቱን አየ፤ ከዚያ ሽቦውን አየ።

«ስንቱን ሰው ያሠለጠንኩት በዚህ ጨርቅ ነው» አለ።

«መርፌ ቁልፉ ዝጎ ብርድ ልብሴን እንዳያበላሸው ደግሞ» አለች እማዬ።

«ለእኔም ጎዶሎ መስሎኝ ነበር» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ዕቃው እንደዚያ መስሎኝ።»

«ዕቃው» አለና ራሱን ነቀነቀ። «ለእኔ ደግሞ ጆሮዬ።»

እንድሠራው አልተወኝም። ወገቡን ይዞ፣ እያቃሰተ፣ ራሱ ወርዶ ሁለቱን ሽቦዎች አቀያየረ። ለመነሳት ግን እኔና እማዬ ግራና ቀኝ ያዝነው። ዘፈኑን ከመጀመሪያው ከፈተው።

ዘፋኟ መጣች። ከሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ የቆመ ሰው አፍ በሚሆንበት ከፍታ፣ አንድ ሴት ሆና ቆመች። ወፍራሙ ድምፅ በወለሉ በኩል እግሬ ውስጥ ገባ። አባዬ አልሳቀም፤ ትከሻው ብቻ ወረደ። እማዬ በሩ ጋ ቆማ ቀረች።

ሁለተኛው ስንኝ ላይ አንድ ቀጭን ድምፅ ጀመረ። ዞሬ አባዬን አየሁት። ፊቱ ላይ ምንም አላለፈም። እያየሁት እንደሆነ ግን አስተዋለ።

«ሁሉም አለ?» አለኝ።

አዎ ማለት ቀላል ነበር።

«ከላይ አንድ ነገር አለ። ማንኪያ የብርጭቆ ጠርዝ ሲነካ የመሰለ።»

«ትንሿ ደወል» አለ። «አስታውሳታለሁ። አሁንም አለች?»

«አለች።»

«ስትመጣ እጅሽን አንሺልኝ» አለኝ።

አነሳሁ። አወረድኩ። ደግሞ አነሳሁ። አባዬ እጄን በዓይኑ ይከተላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ጉልበቱ ላይ ያለችው ጣቱ ከእኔ እጅ ቀድማ ብድግ አለች፤ የደወሏን ቦታ አልረሳችም። ከዚያ ጣቱም ደከማት። ራሱን ወንበሩ ላይ ጣለና ዓይኑን ከደነ። የማያየኝ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ጨምሬ አነሳሁና እጄን ጭኔ ላይ መለስኩ።

ድምፁን ልቀንስ ብድግ ስል እማዬ ክንዴን ያዘችኝ።

«ተዪው» አለች። «እሱ የሚነቃው ዘፈኑ ዝም ሲል ነው።»