በዝግባው ሥር ያልደረሰኝ ተራ

ባለፈው መስቀል የልጅ ልጄን ማህሌትን ይዤ ቡታጅራ ወዳለው የልጆች መጫወቻ ሄድኩ። ልጅቷ ከአዲስ አበባ ከተነሳችበት ሰዓት ጀምሮ የምታወራው ስለ ዥዋዥዌውና ስለሚሽከረከረው ወንበር ብቻ ነበር። ስንደርስ በሩ ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ወረቀት ተለጥፏል። መጫወቻዎቹ ለጥገና ተዘግተዋል ይላል፤ እስከ መቼ እንደሆነ ግን አይልም። ጥበቃውን ጠየቅሁት። «እማማ፣ እኛ ዝግ ነው በሉ ተብለናል እንጂ ሌላ የነገረን የለም» አለኝ። ማህሌት በአጥሩ ቀዳዳ ወንበሮቹን እያየች ማልቀስ ጀመረች። ጥበቃው ምንም ጥፋት የለበትም፤ ዳሩ ግን ደሜ ፈላ። ጮክ ብዬ ተናገርኩት፣ በኋላም አፈርኩ። ንዴቱ የእሱ አልነበረም። ከሃምሳ ዓመት በላይ ይዤው የዞርኩት ንዴት ነው።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የእኛም መንደር ዥዋዥዌ ነበረው። መንደራችን መስቃን ውስጥ ነው፤ ከቡታጅራ ወደ ተራራው በእግር ግማሽ ቀን ያስኬዳል። ቤቶቹ ፊት ለፊት ተያይተው የተሠሩ ናቸው፤ በመካከላቸው ጀፎረ የምንለው ሰፊ የሣር ሜዳ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል። ከብት የሚውልበት፣ ሠርግ የሚደገስበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት የሁሉም ሜዳ ነው። በጀፎረው መሃል ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ዝግባ ቆሞ ነበር። ዥዋዥዌው የሚሰቀለው እዚያ ላይ ሲሆን፣ የሚሰቀለውም በዓመት አንዴ፣ ለመስቀል ነው።

ወንዶቻችን ዓመቱን ሙሉ አዲስ አበባ ነበሩ። አባቴ መርካቶ ትንሽ ሱቅ ነበረው። እርሻው፣ እንሰቱ፣ ከብቱ፣ ልጁ፣ የታመመው አማት ሁሉ በእናቴ ጫንቃ ላይ ነው። መስቀል ሲደርስ ወንዶቹ እስከ ቡታጅራ በሎንቺና፣ ከዚያ ወዲህ በእግራቸው ጭቃውን እየረገጡ ይመጣሉ። ያን ያህል ደክሞ የመጣ ሰው ቶሎ አይመለስም። ከመስቀል በኋላ ወጣቱ አምሮበት በየገበያው ሜዳ የሚጨፍርበት አዳብና እስኪያልቅ ድረስ ወር ያህል ይቀመጣሉ። በዚያ ወር ውስጥ ደግሞ አንድ ሥራ ነበራቸው፤ ዥዋዥዌ መግፋት።

ገመዱ የሴቶች ነው። እያንዳንዷ ቤት ከራሷ እንሰት ቃጫ ታወጣለች፤ ቃጫውን አንድ ረጅም ሲባጎ አድርጋ ታከራለች። ከዚያ የሃያ ቤት ሲባጎ በአንድ ላይ ተገምዶ የክንድ ውፍረት ያለው ገመድ ይወጣዋል። የክርስቲያን ቤት፣ የእስላም ቤት የሚባል ነገር አልነበረም። በገመዱ ውስጥ ሲባጎ ያላት ሴት ሁሉ በተራዋ ትቀመጣለች፣ ባሏ ወይም ወንድሟ ወይም አባቷ ይገፋታል። ሲባጎ የሌለው ሕፃን የሚወጣው በእናቱ ጭን ላይ ሆኖ ነው። እኔም እስከ ዘጠኝ ዓመቴ የእናቴን ወገብ አቅፌ ስወጣ ስወርድ ኖሬያለሁ። ከታች የተረገጠ ሣር ይሸተኛል፣ ከገመዱ ደግሞ የእርጥብ ቃጫ ኮምጠጥ ያለ ሽታ። ዛሬም ገበያ ውስጥ ቃጫ የሚሸጥበት ጋ ሳልፍ እግሬ ከመሬት የሚነሳ ይመስለኛል።

ዋናው ነገር ግን መውጣት መውረዱ አልነበረም። ዥዋዥዌ ላይ የተቀመጠች ሴት ያሻትን ትናገራለች፤ የሚገፋት ወንድ መልስ አይሰጥም። መግፋቱንም አያቆምም። የጠየቀችውን ነገር ወደ አዲስ አበባ ሳይመለስ ይፈጽማል። እምቢ ያለ ወንድ በሚቀጥለው ዓመት የሚገፋው ባዶ ወንበር ነው ይባል ነበር፤ ያ ደግሞ ትልቅ ውርደት ነው። ዓመቱን ሙሉ «እሺ» ሲሉ የኖሩ አፎች በዚያ ወር ይከፈታሉ።

መጀመሪያ የምትቀመጠው ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ነበረች። ገመዱን ደምራ የምታጠብቀው እሷ ስለሆነች መፈተኑም የእሷ ነው፤ ደግሞም እሷን የቻለ ገመድ ሁላችንንም ይችላል። መስቀል የእሷ በዓል አይደለም፤ ያን ቀን ግን የአረፋ ልብሷን ለብሳ ትመጣለች። ባሏን ሙዘይንን እያስገፋች ከላይ ትለቅበታለች። «ሙዘይን፣ ወላሂ ዘንድሮ ጣራውን ሳታስከድን ብትሄድ ልጆችህን ይዤ መርካቶ ሱቅህ ደጃፍ ላይ እተኛለሁ» ስትለው ትዝ ይለኛል። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ሙዘይን ላቡን እየጠረገ ገፋ። ጣራውም በሳምንቱ ተከደነ።

እናቴ ዝምተኛ ናት። በምድር ላይ አባቴን ቀና ብላ አይታ ስትናገር አላስታውስም። ዥዋዥዌው ላይ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ እኔን ጭኗ ላይ አድርጋ «ልጆችህ ወተት የሚያዩት በጎረቤት ቤት ነው፤ አንተ ከተማ ሻይህን በወተት ትጠጣለህ» አለችው። ድምፅዋ በደረቴ በኩል ሲያልፍ ተሰማኝ። አዳብናው ሳያልቅ አንዲት ጥቁር ላም ቤታችን ገባች። ያን ጊዜ ነው የዥዋዥዌውን ጥቅም በደንብ የተረዳሁት።

እኔም የምጠይቀው ነገር ነበረኝ። ወንድሜ ታደሰ አባቴ ዘንድ አዲስ አበባ ሆኖ ይማራል። እኔም መማር እፈልግ ነበር። አክስቴ ቡታጅራ ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ነበር ቤቷ፤ እሷ ዘንድ ሆኜ ብማር ማንንም አላስቸግርም። አንዴ የአባቴን እግር ሳጥብ ብጠይቀው «ለእናትሽ ማን ይታዘዛታል?» ብሎ ዘጋኝ። እናቴ ሰምታ ኖሮ በኋላ ጓዳ ጠርታ፣ «ከታች ሆነሽ አትጠይቂው። ሲባጎሽን ሥሪና ሲገፋሽ ንገሪው» አለችኝ።

አሥር ዓመት በሞላኝ ዓመት ክረምቱን ሙሉ እንሰት ስፍቅ ከረምኩ። ጣቶቼ ቆሳሰሉ። የሠራሁት ሲባጎ አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ቀጥኖ የማያምር ነገር ሆነ። እትዬ ዘይነባ ከፍ አድርጋ አየችውና «ይሄ ሲባጎ ነው ወይስ እንቁራሪት የዋጠ እባብ?» ብላ አሳቀችብኝ። ከዚያ ግን በእጇ ጎተት ጎተት አድርጋ፣ «ይይዛል» አለች። ከሌሎቹ መሃል አስገብታ ገመደችው። የእኔ መሆኑ እንዲታወቅ ከእናቴ ሻሽ ቀይ ክር መዝዤ ጫፉ ላይ አሰርኩ። የምናገረውንም እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤ ነበር። «አባባ፣ ታደሰ የሚያነበውን እኔም ላንብብ።» ከዚህ በላይ አይደለም።

በዚያው ዓመት መንገድ መጣ። አዲስ አበባ ያሉት የመንደራችን ሰዎች ኮሚቴ አቁመው ከቡታጅራ እስከ ሰፈራችን መኪና የሚያስገባ መንገድ ሊያስወጡ ቆርጠው ተነሱ። የኮሚቴው ሰብሳቢ አባቴ ነበር። እውነቱን ልናገር፤ መንገዱን አልጠላውም። ሁለተኛ ልጄ አልወለድ ብላ ስትይዘኝ በዚያ መንገድ ባልወሰዱኝ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ያቃጠለኝ መንገዱ አይደለም። ያቃጠለኝ ሃያ እርምጃ ነው።

መንገዱ በጀፎረው ላይ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ዝግባው ደግሞ መሃሉ ላይ ቆሟል። ሃያ እርምጃ ወደ ግራ ቢሉ ዛፉን ዞረውት ያልፋሉ፤ ሣሩ ባዶ ነው፣ ቤትም የለበትም። ለመስቀል ሳምንት ሲቀረው፣ መንገዱ ጀፎረው ጫፍ ሲደርስ፣ ወንዶቹ መጥረቢያና መጋዝ ይዘው ቆሙ። ሴቶቹ ገመዱን ጨርሰን ጥቅልሉን መሃላችን አስቀምጠን ቀኑን እየጠበቅን ነበር። እትዬ ዘይነባ ተነስታ ሄደችና «ሃያ እርምጃ ቢዞር መኪናው ይደክመዋል?» አለች። አባቴ ፊቱን ወደ ዛፉ እንዳዞረ «መንገድ የሚያምረው ቀጥ ሲል ነው» አለ። አጎቴ ደግሞ መጋዙን እያቀበለ «እሰይ፣ ከእንግዲህ መግፋቱም መሰደቡም ቀረልን» አለ።

ወንዶቹ ሳቁ። አባቴም ሳቀ። ቀልድ እንደነበር አውቃለሁ፤ በእርግጥም ያን ዛፍ ለዚያ ብለው አልቆረጡትም ይሆናል። ነገር ግን አንድም ሴት አልተጠየቀችም፤ ከሴቶቹ መካከልም የሳቀች አልነበረችም። ሙዘይን እንኳ ሚስቱን አየት አድርጎ አቀርቅሯል። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል።

ዛፉ ሲወድቅ መሬቱ ነዘረ። ወንዶቹ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ሲያርፉ ወደ አባቴ ሄድኩ። «አባባ፣ የምነግርህ ነገር አለኝ» አልኩት። «ንገሪኛ» አለ፣ ደግ ድምፅ ነበር። አጎቶቼ ሁሉ አዩኝ። በቃሌ የያዝኩትን አልተናገርኩትም። እግሬ መሬት ረግጦ ነበር፤ መሬት ላይ ሆና አባቷን የምትጠይቅ ልጅ አይቼ አላውቅም። አባቴ ራሴን ዳበስ አደረገና «በይ ለከርሞ ትነግሪኛለሽ» አለኝ።

መስቀል ዋለ። ገመዱን የሚሸከም ሌላ ዛፍ ስላልነበረን ዥዋዥዌ የለም፣ የተከፈተ አፍም የለም። ከበዓሉ በኋላ ሎንቺናው እስከ ደጃችን ገብቶ ጥሩምባውን ነፋ፤ አባቴ በሦስተኛው ቀን ሊሄድ ተሰናዳ። ወር ይቀመጥ የነበረው ሰው በሦስት ቀን። ቆጮውንና ቅቤውን መኪናው ጣራ ላይ ጭነው ማሰሪያ ሲያጡ፣ አባቴ ጓዳ ገብቶ ገመዱን ይዞ ወጣ። ቀይ ክሬ ጫፉ ላይ ሲወዛወዝ አየሁት። እናቴን አየኋት፤ አንገቷን ደፍታለች። መኪናው ገመዳችንን ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አባቴ በየዓመቱ የሚመጣው ለሦስት ቀን ነበር፤ አንዳንዴም ለሁለት። ለከርሞ ያለኝን ከርሞ አልጠየቀኝም። እኔም ፊደል የቆጠርኩት ጃንሆይ ከወረዱ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ የመጀመሪያ ልጄን አዝዬ ነው።

አባቴ አርጅቶ ሲሞት ሱቁን ልናስረክብ መርካቶ ሄድኩ። ከጓሮ በኩል፣ ከጣራው ሥር፣ ያ ገመድ ምስማር ላይ ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። ቃጫው በአቧራ ጠቁሯል፤ ቀዩ ክር ደብዝዞ እንዳለ አለ። ለብዙ ዓመት አብሮት የሠራውን ሰው «ይሄን ለምን አልተጠቀማችሁበትም?» አልኩት። «እሳቸው አያስነኩትም ነበር። አንድ ቀን ዕቃ ልሰርበት ብል የልጄ ነው ብለው ተቆጡኝ» አለኝ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ያለቅስ ይሆናል። እኔ ተናደድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ አልገባውም፣ ወንድ ነው፣ ረስቶታል እያልኩ ነበር ራሴን የማጽናናው። ለካ ያውቅ ኖሯል። ቀይ ክሩ የማን እንደሆነ እያወቀ፣ ያን ያህል ዓመት እዚያ ምስማር ሥር ተቀምጦ ነግዶ፣ በየመስቀሉ መጥቶ ዓይኔን እያየ ክትፎ በልቶ፣ «ያን ጊዜ ምን ልትነግሪኝ ነበር?» የምትለዋን ጥያቄ አላወጣትም። አባቴን እወደዋለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም፤ ብዬሃለሁ ብዬ መዋሸትም አልፈልግም።

ያን ጊዜ ዥዋዥዌያችንን የዘጋው ሰው ስም ነበረው፤ ፊቱን አውቀዋለሁ፣ እግሩን አጥቤዋለሁ። ዛሬ የማህሌትን ዥዋዥዌ የዘጋው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ያገኘሁት ላስቲክ የለበሰ ወረቀት ነው። ልጅቷም አድጋ የምትቆጣው በማን ላይ እንደሆነ አታውቅም።

ስለዚህ የዚያን ቀን ከቡታጅራ በባጃጅ ወደ መንደራችን ይዣት ሄድኩ። በየመስቀሉ የማደርገው ነገር አለ። ዝግባው የነበረበት ቦታ ላይ፣ ልክ መንገዱ መሃል፣ በርጩማ አስቀምጬ ጥቂት እቀመጣለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ለምዶኛል። በዚህኛው ግን ያን ጊዜ ከአባቴ ሱቅ አውርጄ የወሰድኩትን ገመድ ይዤ መጥቼ ጭኔ ላይ አድርጌው ነበር። ማህሌት በጣቷ እየዳሰሰች «ያንቺ የቱ ነው?» አለች። ቀዩን ክር አሳየኋት። ከዚያ በርጩማዬ ላይ እንዳለሁ፣ አሥር ዓመቴ ላይ በቃሌ የያዝኩትን ዓረፍተ ነገር ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንዲትም ቃል ሳልጥል ተናገርኩት።

ከኋላችን የጭነት መኪና መጥቶ ጥሩምባውን ነፋ። ደግሞ ነፋ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እማማ፣ ምን እየሠሩ ነው? ከመንገዱ ይነሱልኝ እንጂ» አለኝ።

«ተራዬ ነው» አልኩት። «ሃያ እርምጃ ዙር።»

ዞረ።