ንጋት ያልጠበቀ መርዶ

ኃይለየሱስ ምድር ባቡር የተቀጠረው ፉርጎ ለመጥረግ ነበር። ባቡሩ ለገሃር ገብቶ ተሳፋሪው ጓዙን ሸክፎ ሲወርድ፣ እሱ ከኋላ ይገባና የብርቱካን ልጣጩን፣ የጫት ገረባውን፣ አልፎ አልፎም የተረሳ የሕፃን ጫማ እየለቀመ፣ መስኮቱን እየዘጋ ወደ ፊት ይመጣል። እንቅልፍ የጣለው ሰው ማግኘት ለሱ ብርቁ አልነበረም። ትከሻውን ነካ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ደርሰሃል እኮ» ይለዋል፤ ሰውዬው ይደነግጣል፣ ተሳስቀው ይለያያሉ።

አንድ የዘመን መለወጫ ሰሞን፣ ከቀትር በኋላ፣ በሦስተኛ ማዕረግ ጥግ ላይ ጋቢውን እስከ አፍንጫው የተከናነበ ሰው አየ። እንደ ልማዱ ነካ አደረገው። ሰውዬው ወደ እሱ ዘመም አለ። ጋቢው ሲንሸራተት ውብሸት ሆኖ ተገኘ፤ ጭድ ተራ ጀርባ ከእሱ ጋር በአንድ ግቢ የምትኖረው የእትዬ ሸዋርካብሽ ባል፣ ድሬዳዋ በግንበኝነት ከርሞ ለበዓል የሚመጣው ውብሸት። እጁ ቀዝቅዟል። አጠገቡ ተቀምጠው የመጡት ሰዎች እንዳይቀሰቅሱት ተጠንቅቀው፣ ቀስ ብለው ነበር የወረዱት።

ሬሳው ወደ ሆስፒታል ሲወሰድ ኃይለየሱስ መጥረጊያውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ከዚያ እየሮጠ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ጋሽ ሀብተ ወልድ ቤት ሄደ።

«ነገ ጎሕ ሲቀድ እናረዳታለን» አሉ ሽማግሌው። «ሰው በምሽት አይረዳም። ዛሬ እህል ትቅመስ፣ ትተኛ። ነገ ጎረቤት ሁሉ ከቧት ትስማ። አንተ ግን ፊትህን ታጠብ፤ ፊትህ ራሱ መርዶ ነው።»

ታጠበ። ግቢው ሲደርስ እትዬ ሸዋርካብሽ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ የነጠላ ጫፍ ትቋጫለች፤ ለሸማ ተራ ነጋዴዎች እየቋጨች ነበር የምትኖረው።

«ኃይሌ፣ ባቡሩ ገባ?»

«አልገባም» አለ፤ ቃሉ ሳያስበው አመለጠው። «ጎርፍ ሐዲዱን ዘግቶታል። ነገ ነው አሉ።»

«እሰይ። ቤቱን ሳልለቀልቅ ሊመጣብኝ ነበር።»

ኃይለየሱስ ቤቱ ገባ፣ ወጣ። ምሳር አንስቶ የተፈለጠ እንጨት መልሶ ፈለጠ። ውሃ ጠጣ፤ ወዲያው ደግሞ ሊቀዳ ሄደ።

«ምጥ የያዛት ሚስት አለችህ እንዴ? ሳታገባ!» አለች እየሳቀች። «ቁጭ በል እንጂ፣ ዓይኔን አዞርከው።»

በዚህ መሀል የሸማ ተራው ሙደሲር ያለቁትን ነጠላዎች ሊወስድ መጣ።

«ሰማህ ሙደሲር፣ ባቡሩን ጎርፍ አስቀረው» አለችው።

«ማነው ያለሽ? የድሬዳዋ ዕቃዬን አሁን ከለገሃር አውጥቼ መምጣቴ ነው።»

ኃይለየሱስ በዓይኑ ጠቀሰው፤ ግን ነገሩ ካፉ ወጥቷል። እትዬ ሸዋርካብሽ ክሩን አስቀምጣ ኃይለየሱስን ትክ ብላ አየችው። እሱ ምሳሩን አነሳ። እሷ ግን ፊቷ በራ።

«ገባኝ። ውብሸት ነው ያስዋሸህ። ዓምናም በር ጀርባ ተደብቆ ነፍሴን አውጥቷታል። ዛሬ እኔ ሄጄ አስደነግጠዋለሁ።»

አዲሱን ነጠላዋን ደርባ ወጣች። ኃይለየሱስ ተከተላት። «ይመሻል እትዬ፣ ዝናብም ይመጣል» ቢላት፣ «አንተ አርፈህ ዋሽ» አለችው። ለገሃር በር ላይ የሚቆሙትን ተሸካሚዎች አሰበ። ባቡር ውስጥ ስለሞተው ሰው የማያወራ የለም። ባሏን ስትጠይቃቸው፣ ማን መሆኗን ሳያውቁ፣ እንደ ማንኛውም ወሬ ይነግሯታል። እርምጃዋ ሲፈጥን የእሱ ይጎተታል፤ መልሶ ሮጦ ይደርስባታል።

ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጋ ልትሳለም ቆመች። ሦስት ጊዜ አማትባ ስትዞር መንገዱን ዘግቶ ቆሞ አገኘችው።

«እትዬ፣ ከዚህ አንለፍ።»

«ምነው?»

«ውብሸት መጥቷል። በሕይወት ግን አልመጣም።»

አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እሱም ጭቃው ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። «ማን አገኘው?» አለች።

«እኔ።»

ያን ጊዜ ነው እንባዋ የመጣው።

በማግስቱ ሽማግሌዎቹ ጎሕ ሲቀድ ሲመጡ ግቢው በለቅሶ ተሞልቶ አገኙት። ጋሽ ሀብተ ወልድ ኃይለየሱስን ወደ ጥግ ሳቡት።

«መርዶ እንደ ገበያ ወሬ መንገድ ላይ ይነገራል? ብቻዋን ሴትዮዋን አውላላ ሜዳ ላይ?»

እትዬ ሸዋርካብሽ ድምፅዋ ተዘግቶ ነበር፤ ሁሉም ጆሮውን ሰጣት።

«ይተዉት ጋሼ» አለች። «እሱ ባይነግረኝ፣ እዚያ ለገሃር በር ላይ እየሳቅሁ ነበር የምደርሰው።»

ሽማግሌው የኃይለየሱስን ክንድ ለቀቁ፤ ከጎናቸው እንዲቀመጥም ቦታ ሰጡት። ተቀመጠ፤ ግን መቀመጥ አልሆነለትም። ተነስቶ የድንኳኑን ካስማ ከሚመቱት ጋር ሊመታ ወጣ።